ሁለት ነጥብ ስምንት

ቅዳሜ ማለዳ፣ ትብሊሲ፣ ከደረቅ ድልድይ ራስጌ፣
ባድሪ ሸቀጡን ዘርግቷል በመጋረጃ አሮጌ፤
ሹካ ከሜዳልያ፣ የበር እጀታ ከካሜራ፣
ሁሉም ለአንድ ፀሐይ የተሰጣ፣ ሁሉም ዋጋ የሚጠራ።
«ምን ልስጥሽ?» አለ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።
«ጨለማ የሚያይ ሌንስ» አልኩት፤ ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

የምሠራው አሻንጉሊት ቲያትር ነው፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣
መቶ አሥር ወንበር፣ አራት አምፖል፣
አንደኛው ታሞ የሚያንቀላፋ።
ፍላሽ ክልክል ነው፤ ሕፃናቱ ይደነግጣሉ።
ማቅቫላ ደግሞ፣ ወንበር አስያዧ፣
ባትሪዋን እንደ ዱላ ጨብጣ
«ከሦስተኛው ረድፍ አልፈሽ እንዳላይሽ» ብላኛለች።

«እንግዲያው ይህችን፤ ሃምሳ ሚሊ ናት፣ ዙም አታውቅም፤
ብሌኗ እንደ ጉጉት የተበረገደ፣
ሻማ ብትለኩሺላት የነጋ የሚመስላት።»
አገላብጬ አየኋት። ታምራለች። መለስኩለት።
«እኔ እግሬን ታስሬ የምሠራ ሰው ነኝ።
ቀበሮው ሲያስነጥስ ልጠጋው ብል፣
ማቅቫላ አለች።»

ሁለተኛው ቀላል፣ ርካሽ፣
ከአሥራ ስምንት እስከ ሁለት መቶ የሚሄድ፣ አንገቱ የማያልቅ።
ግን በሳብኩት ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል፤
በሦስት ነጥብ አምስት ተነሥቶ
መንገድ ላይ አምስት ነጥብ ስድስት ሆኖ ይገኛል፤
ሩቅ ላድርስሽ ይልና ስንደርስ መብራት ያጠፋል።
«እንዲህ ያለ እጮኛ ነበረኝ» አልኩት።
ባድሪ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣
እያሳለ ጎንበስ ብሎ ከሣጥኑ ሥር
በሱፍ ካልሲ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

ከሃያ አራት እስከ ሰባ።
ቢሳብም ቢሰበሰብም ሁለት ነጥብ ስምንት፣ ቃሉ አንድ።
ክብደቱ የወፍጮ መጅ።
ጠርዙ ተሸርፏል፤ መስተዋቱ ላይ ጭረት አለ፣ የድመት ጥፍር የሚያህል።
«ይህስ?»
«ጭረት ፎቶ ላይ አይወጣም» አለ ባድሪ፤
«ዋጋ ላይ ብቻ ነው የሚወጣ።»

ከደረጃው ሥር፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ገባሁ።
በስልኬ መብራት ሆዱን መረመርኩት፤ ሻጋታ የለም፣
አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብቻ፣ የራሷን ዓለም ይዛ።
አነጣጠርኩ። የተኛ ውሻ። የውሻው ሽፋሽፍት።
ከዚያ በኋላ መከራከር ለወጉ ነበር፦
ዘጠኝ መቶ ላሪ፣ ያሮጌ ሌንሴ፣ ሁለት የቲያትር ትኬት።
«ለልጅ ልጅህ።»
«ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።»
«ቀበሮው ዕድሜ አይጠይቅም።»

ማታ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ዳር።
ቀበሮው ወጣ። የቀበሮው ዓይን ጥርት፣
ጢሙ ግን ገና ካሁኑ ጉም፤
በዚህ ብሌን የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ነው እውነት የሚሆነው።
ሰባ ላይ ሳብኩት። የትኩረቱ ቀለበት ትንሽ ሸተት አለብኝ፣
ቀበሮው ደበዘዘና
ከኋላው፣ ከጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ፣ ዛሊኮ መጣ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያ ጨርቅ ሥር የኖረ ሰው፣
ግራ እጁ የቀኝ አንጓውን ጨብጦ፣
እንዳይንቀጠቀጥ፣
ላብ ከአገጩ ጠብ ሲል።
ልጆቹ ይስቃሉ። ቀበሮው ብርድ የመታው መስሏቸዋል።

አንዴ ተጫንኩ። አንዴ ብቻ።
ከዚያ ስንት ላሪ የከፈልኩበትን ብሌን
በጣቴ አጠበብኩት፣ ወደ አራት፣ ወደ አምስት ነጥብ ስድስት፣
ጨለማው ተመልሶ እስኪለብሰው፣
ቀበሮው ብቻውን እስኪቀር።

ሲያልቅ በጓሮ በር አገኘኝ። አዲሱን ሌንስ አየ።
«ወጣሁ እንዴ?»
«ቀበሮው ወጥቷል።»
«እኔስ?»
«አንተማ ጨለማ ነህ።»
«ደህና ሌንስ ነው» አለ፣
ኮቱን በግራ እጁ፣ ቁልፍ በቁልፍ፣ ቀስ ብሎ እየቆለፈ።